«ኦኬ» «እሺ»ን አልገደለውም

ሰሞኑን በቴሌግራም ሲዞር የከረመውን ጽሑፍ ሳታዩት አልቀራችሁም። እኔ ጋ ከአክስቴ ደረሰ፣ ከድሮ የክፍል ጓደኛዬ ደረሰ፣ ከዕቁባችን ግሩፕም ደረሰ። «ኦኬ» የሚባለው ቃል አማርኛችንን እየበላው ነው የሚል ጽሑፍ ነው። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ተጽፏል። ጸሐፊው አማርኛን እንደሚወዱ ያስታውቃል፣ ቀልዳቸውም ይጥማል። ችግሩ ካነሷቸው ነጥቦች አብዛኞቹ ውኃ አይቋጥሩም።

ላላነበበው ሰው ሐሳባቸውን ሳልሸራርፍ ላስቀምጠው። መጀመሪያ የቃሉን አመጣጥ ያነሳሉ። ኦኬ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ «ዛሬ የሞተ የለም» ለማለት «ዜሮ ኪልድ» ተብሎ በአጭሩ ይጻፍ ከነበረው የመጣ ነው፣ ስለዚህ ማኪያቶ ይዘን የምናወራው የሬሳ ቆጠራ ነው ይላሉ። ቀጥለው ቃሉ ባዶ ነው ይላሉ፤ ሁሉንም ስለሚል ምንም አይልም፣ ሥራ ላይም ያደናግራል፣ እሺ ግን ጥርት ያለ አንድ ትርጉም አለው። ሦስተኛው ዋናው ክስ ነው፤ ኦኬ እሺን እየገደለው ነው። አራተኛ፣ ኦኬ አክብሮት የለውም፣ የጉራ ቃል ነው፣ ለታላቅ አይባልም። መጨረሻ ላይ መፍትሔ ያቀርባሉ፤ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ኦኬ ያለ ሰው ይቀጣ፣ በምትኩም «መልካም» ይባል።

በተራ እንሂድ።

ከአመጣጡ ልጀምር፣ ምክንያቱም ሰው በጣም የተቀባበለው ይሄንን ክፍል ነው። የሬሳ ወሬ ቶሎ ይሮጣል። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1861 ነው። ኦኬ ግን ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት በሚባል ጋዜጣ ላይ ታትሞ የተገኘው እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 1839 ነው። ከጦርነቱ 22 ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር 1831 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ዘመነ መሳፍንት አላበቃም፣ ምኒልክ ገና አልተወለዱም፣ አዲስ አበባ የምትባል ከተማም የለችም። የሚቆጠር ሬሳ ሳይኖር የሬሳ ቆጠራው ከየት መጣ?

ኦኬ የተወለደው ከቀልድ ነው። ያን ጊዜ የቦስተን ጋዜጠኞች ሐረግን በመጀመሪያ ፊደላቱ አሳጥሮ መጻፍ ፋሽን አድርገውት ነበር። ቀልዱ እንዲከር ደግሞ ፊደሉን ሆን ብለው ያሳስቱታል። «ኦል ኮሬክት»፣ ማለትም ሁሉም ትክክል ነው የሚለው ሐረግ፣ በእንግሊዝኛ በደንቡ ሲጻፍ በኤ እና በሲ ነው የሚጀምረው። እነሱ ፊደል ያልቆጠረ ሰው በጆሮው እየሰማ እንደሚጽፈው አድርገው በኦ እና በኬ ጻፉት። ትክክል ነው የሚለው ቃል ራሱ ተሳስቶ ተጻፈ፤ ቀልዱ ይኸው ነው። እንዲህ እየተባለ የተፈጠረ ምህጻር ብዙ ነበር፣ አብዛኛው ወር ሁለት ወር አስቆ ጠፋ።

ኦኬም በጠፋ ነበር። ያተረፈው ምርጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን በድጋሚ ለመመረጥ ሲወዳደሩ፣ ደጋፊዎቻቸው በተወለዱባት በኪንደርሁክ ስም «ኦልድ ኪንደርሁክ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ሲያጥር ኦኬ ይሆናል። ኒው ዮርክ ውስጥ የኦኬ ክለብ አቋቋሙ። ተቃዋሚዎችም አልተኙም፤ በእነዚያው ሁለት ፊደላት ላይ የስድብ ዓይነት እየፈለሰፉ መለሱላቸው። ሰውዬው ተሸነፉ፣ ቃሉ ግን በምርጫው ግርግር አገር ምድሩን አዳረሰ። ቀጥሎ የቴሌግራፍ ሠራተኞች ወደዱት። መልእክቱ ደርሷል ለማለት ሁለት ፊደል መምታት በቂ ነውና።

ይሄንን ሁሉ ከአሮጌ ጋዜጦች ፈልፍሎ ያወጣው አለን ዎከር ሪድ የሚባል የቋንቋ ተመራማሪ ነው። ያገኘውን እ.ኤ.አ. በ1963 እና በ1964 አሳተመ። ከእሱ በፊት ያልተባለ ነገር አልነበረም። ከግሪክ ነው የሚል አለ፣ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከአንዱ፣ ከቾክታው ቋንቋ ነው የሚል አለ፣ ብስኩት ላይ ከታተመ የፋብሪካ ምልክት ነው የሚልም አለ። የሬሳው ታሪክ ከእነዚሁ አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ያን ያህል ስለማይዘገንኑ ነው ሼር ያልተደረጉት።

ደግሞስ ታሪኩ እውነት ቢሆን ምን ይሆናል? ቻው እንላለን አይደል? ከጣሊያንኛ ነው። ጣሊያኖቹ ያገኙት ከቬኒስ ሰዎች ንግግር ሲሆን ሥሩ «ባሪያዎ ነኝ» እንደማለት ነው። ጸሐፊው ከጓደኛቸው ሲለዩ ቻው እንደሚሉ እገምታለሁ፤ ለጓደኛቸው ባሪያ ሆነው ያደሩ ግን አይመስለኝም። የሰፈሮቻችንን ስም ተመልከቱ። ካዛንቺስ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም ምህጻር የቀረ ስም ነው። ለገሃር በፈረንሳይኛ ባቡር ጣቢያው ማለት ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ከካዛንቺስ ለገሃር በእግሩ የወረደ ሰው ከጣሊያንኛ ወደ ፈረንሳይኛ መሻገሩን ልብ አይለውም። የሚያስበው ስለ ጫማው ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ። እዚህ ጋ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም የጽሑፉ ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ነው።

ሁሉንም የሚል ቃል ምንም አይልም። ሲሰሙት ያምራል። ግን ቃል ብቻውን አይወራም፤ ድምፅ አለው፣ የተባለበት ቦታ አለው፣ ከፊቱ የቀደመ ወሬ አለው። ባለፈው ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ በሚኒባስ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ስልክ ታወራ ነበር። ከወዲያ ያለው ሰውዬ የሚለው አይሰማም። የእሷን ግን ታክሲው በሙሉ ይሰማል፣ ያው እንደምታውቁት ነው። ስታነሳ «ኦኬ፣ ደረስክ?» አለች። ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ በየመሀሉ አጠር አጠር ያለ «ኦኬ… ኦኬ…»። እየሰማሁህ ነው ቀጥል ማለቷ ነው። አንዴ ድምፅዋ ሽቅብ ተሰቀለ፦ «ኦኬ?!» ከፊት ጋቢና የተቀመጠው ሰው ሳይቀር ዞር አለ፣ የሆነ ነገር እንደተፈጠረ ገብቶታል። ትንሽ ቆይታ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ «አይ፣ ኦኬ ነው፣ ችግር የለውም» አለች። ችግር እንዳለ ሁላችንም አወቅን። ከዚያ «ኦኬ በቃ፣ እሺ… እሺ… ቻው» ብላ ዘጋች። ወዲያው ረዳቱ እጁን ዘርግቶ «እሺ ሒሳብ!» አለ።

ከእነዚያ ሁሉ ኦኬዎች ውስጥ ለማናችንም ያልገባን አንድም አልነበረም። የማናውቃት ልጅ ናት፣ የምታወራውን ሰው አናውቅም፣ ጉዳዩንም አናውቅም። በኦኬዎቿ ብቻ ግን ነገሩ በሰላም እንዳላለቀ ተረድተን ወረድን። ባዶ ቃል ይሄንን ያደርጋል እንዴ?

በእንግሊዝኛውም እንደዚሁ ነው። ፊልሙ ኦኬ ነበር ካሉ መጥፎ አይደለም፣ ግን ሁለተኛ አላየውም ማለታቸው ነው። ወድቀህ ስትነሳ ኦኬ ነህ ወይ ካሉህ የሚጠይቁህ ስለ አጥንትህ ነው። አለቃው ኦኬ አድርጎታል ከተባለ ተፈርሟል። አስተማሪ ክፍል ገብቶ ኦኬ ካለ ወሬ አቁሙ ማለት ነው። ባልሽ ኦኬ ይሆናል ወይ፣ እዚህ ማጨስ ኦኬ ነው ወይ፣ እያለ ይቀጥላል። ስም ይሆናል፣ ቅጽል ይሆናል፣ ግስ ይሆናል። ሁሉንም የሚያያይዝ ነገር ግን አለ። ይለፍ፣ እንቅፋት የለውም ይላል፤ ጥሩ ነው፣ ግሩም ነው አይልም። ሳያሞግሱ መቀበል ራሱን የቻለ ትርጉም ነው፣ በየቀኑም ያስፈልገናል።

እኛም ለዚያው ሥራ «ደህና» አለን። ደህና ነኝ ስል አልታመምኩም ነው። ምግቡ ደህና ነው ስል ያን ያህልም አይደለም ነው። ደህና ሰው ነው ስል ግን እያመሰገንኩት ነው፣ ደህና ገንዘብ አገኘ ከተባለም ብዙ አግኝቷል። ያው አንድ ቃል፣ አንዴ ከመካከለኛ በታች፣ አንዴ ከመካከለኛ በላይ። «ምንም አይልም» የሚለውን ጨምሩበት። እንዴት ነው ሸሚዙ ሲሉን ምንም አይልም እንላለን፣ ሰውዬውም ገዝቶት ይሄዳል።

እሺ ጥርት ያለ አንድ ትርጉም አለው የሚለው ጋ ስደርስ ግን ሳቄ መጣ። ይቅርታ ለጸሐፊው። ሱቅ በር ላይ ቆማችሁ ባለሱቁ «እሺ» ካላችሁ ምን ልስጣችሁ ነው። ወሬ እየነገራችሁት «እሺ…» ካለ ከዚያስ ነው። እናት እንግዳ ፊት ጥርሷን ነክሳ «እሺ!» ካለች እንግዳው ይሂድ ብቻ ነው፤ በዚያ እሺ ያላደገ ልጅ የለም። ልጅቷ እሺ አለች ከተባለ ሠርግ አለ። ጄኔሬተሩ እሺ አልል አለ ከተባለ ሻማ አምጡ ነው። ተከራካሪያችሁ «እሺ እሱስ ይሁን» ካለ ክርክሩ ገና መጀመሩ ነው። የታክሲው ረዳት «እሺ ሒሳብ» ሲል ከማን ጋር እየተስማማ ነው? ከማንም። «እሺ ነገ»ን ደግሞ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እሺም አይደለም፣ ነገም አይደለም።

ስለዚህ ጸሐፊው አንዱን መምረጥ አለባቸው። ብዙ ትርጉም መሸከም ባዶነት ከሆነ እሺ ከኦኬ የባሰ ባዶ ነው። ካልሆነ ሁለቱም ነጻ ናቸው።

እዚህ ላይ ግን የምሰጣቸው ነጥብ አለ፤ መካድ አይገባም። ሥራ ላይ ኦኬ ያደናግራል ያሉት ትክክል ነው። አንድ ወዳጄ አራት ኪሎ አካባቢ ማተሚያ ቤት ይሠራል። የሠርግ ጥሪ ካርድ አዘጋጅቶ ናሙናውን ለሙሽራው በቴሌግራም ላከለት። ሙሽራው «ኦኬ» ብሎ መለሰ። ካርዱ ታተመ፣ ተቆረጠ፣ ታሸገ። ሊወስድ ሲመጣ የሙሽሪት አባት ስም የሌላ ሰው ነው፤ ካለፈው ደንበኛ ፋይል ላይ ሳይቀየር ቀርቶ ኖሯል። ሙሽራው «እኔ ኦኬ ያልኩት ደርሶኛል ለማለት ነው» አለ። ወዳጄ ደግሞ «እኔ የገባኝ አትም ነው» አለ። ሁለቱም አልዋሹም። ከዚያ ወዲህ ወዳጄ «ይታተም» የሚል ቃል በጽሑፍ ካልደረሰው ማሽን አያስነሳም። ኦኬ ብለው ሲጽፉለት «ይታተም ይበሉኝ» ብሎ ይመልሳል፣ አንዳንዱ ይናደድበታል።

ይሄ ችግር አለ፣ አምናለሁ። ነገር ግን ሙሽራው በዚያ ቀን «እሺ» ብሎ ጽፎ ቢሆንስ? ካርዱ ያው ይታተም ነበር፣ ጭቅጭቁም ያው ነበር። በደብዳቤ፣ በውል፣ በቃለ ጉባኤ ላይ ደርሶኛል፣ ተስማምቻለሁ፣ ጸድቋል የሚሉት ቃላት ከኦኬም ከእሺም ይበልጣሉ። በዚህ እንስማማ።

ሦስተኛው፣ ገዳይነቱ። ሁለቱ ቃላት አንድ ወንበር ላይ ቢቀመጡ አንዱ ሌላውን ይገፋል ይባል ነበር። የተቀመጡት ግን ጎን ለጎን ነው። ሞክሩት። «ኦኬ ነው» ይባላል፣ «እሺ ነው» አይባልም። «ኦኬ ነህ?» ይባላል፣ «እሺ ነህ?» ያለ ሰው አማርኛ እየተማረ ነው። በተቃራኒው «ይሄ ልጅ እሺ አይልም» ስንል አይታዘዝም ማለታችን ነው፤ «ኦኬ አይልም» ብንል ልጁ ኦኬ የሚለውን ቃል መናገር የማይወድ ይመስላል። እሺታ አለን፣ እሺ ባይ አለን፣ በእሺታና በእንቢታ መሀል አለን። ኦኬ እንዲህ ያለ ቤተሰብ አልመሠረተም፣ «ኦኬታ» ሲባልም አልሰማሁም። እኔ እንደሚታየኝ እሺ ለሰው የሚሰጥ ነው፤ ላንተ ስል እቀበላለሁ ይላል። ኦኬ ስለ ነገሩ ነው፤ ነገሩ ደህና ነው፣ ሰምቻለሁ፣ እንቀጥል ይላል። ለዚህ ነው ያቺ ልጅ ስልኳን ልትዘጋ ስትል ከኦኬ ወደ እሺ የተሻገረችው። መሰነባበቻው ላይ ወሬው ወደ ሰውዬው ዞሯል።

ቃል መሞቱ እውነት ነው፣ ይሞታል። «በጄ» የሚባል ቃል ነበረን፣ በደምብ የሚሠራ የመስማማት ቃል። ዛሬ ብቻውን እምብዛም አይወጣም፤ በአብዛኛው «እሺ በጄ አለ» በሚለው ውስጥ እሺን ተደግፎ ነው የቀረው። በጄን ማን ጣለው? እንግሊዝኛ አይደለም። እሺ ራሱ ሳይሆን አይቀርም። ጸሐፊው ለሟች የሚያለቅሱ ከሆነ ተከሳሹን ቢያጣሩ ጥሩ ነው። ሃሎ ከስልክ ጋር ከገባም ብዙ ዘመን ሆነው፤ ግን ስልኩ እንደተነሳ «ሃሎ፣ ጤና ይስጥልኝ፣ ማን ልበል?» እንላለን። ጤና ይስጥልኝ የትም አልሄደም።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው ለእሳቸው ሐሳብ የባሰ ነው። የስልካችሁን ቋንቋ ወደ አማርኛ ቀይሩትና አንድ ነገር ለመሰረዝ ሞክሩ። እንግሊዝኛው ኦኬ የሚልበት ቁልፍ ላይ የተጻፈው «እሺ» ነው። የኮምፒውተሩ ኦኬ ራሱ ታሪክ አለው። አፕል ሊዛ የሚባለውን ኮምፒውተር ሲያዘጋጅ (ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው) ቁልፉ ላይ የተጻፈው «ዱ ኢት» ነበር፣ አድርገው እንደማለት። ለሙከራ ከቀረቡት ሰዎች አንዱ ሁለቱ ቃላት ተጠጋግተው ስለታዩት «ዶልት» ብሎ አነበበው። ዶልት ጅል ማለት ነው። ሰውዬው ኮምፒውተሩ ለምን ይሰድበኛል ብሎ ተናደደ፣ ጽሑፉም ወደ ኦኬ ተቀየረ። እና በዓለም ላይ ስንቱ ሰው በቀን ስንት ጊዜ የሚጫነው ቁልፍ፣ እኛ ጋ ሲደርስ እሺ ሆነ። እየተገደለ ያለ ቃል እንዲህ ያለ ቦታ አይሰጠውም። እኔማ ስልኬ «ይሰረዝ?» ብሎ ጠይቆኝ እሺ ስለው ትንሽ ያስቀኛል፣ የታዘዝኩት እኔ የሆንኩ ይመስለኛል።

አክብሮት የለውም ወደሚለው እንለፍ። አማርኛ አክብሮቱን ያስቀመጠው ተውላጠ ስሙና ግሱ ላይ ነው። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፤ ና፣ ነይ፣ ይምጡ። እዚያ ላይ ካላጠፋህ አንድ ኦኬ አያዋርድም። ሰሞኑን አንድ መድኃኒት ቤት ተራ ስጠብቅ ባለሙያው፣ ወጣት ነው፣ አንዲት እናትን ሲያስረዳ ነበር። «ኦኬ እማማ፣ ይሄኛውን ጠዋት ከቁርስ በኋላ ይውሰዱ፣ ይሄኛውን ደግሞ ማታ። ኦኬ? እጽፍልዎታለሁ።» ካርቶኑ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ሳለላቸው። እማማ ኦኬውን አልሰሙትም፣ «ይውሰዱ»ን ነው የሰሙት። «እሺ የኔ ልጅ፣ ተባረክ» ብለውት ወጡ።

በዚያው ሳምንት አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ቆሜ ነበር። ሠራተኛዋ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ «እሺ?» አለችኝ። ንጹሕ አማርኛ፣ አንድ የባዕድ ፊደል የለበትም። ከሁለቱ የቱ ነው የሰው ክብር የነካው? «እሺ ባክህ»፣ «እሺ በቃ አትነዝንዘኝ»፣ «እሺ ምን ይሁን?» የሚሉት ሁሉ የእሺ ልጆች ናቸው፣ አንዳቸውም ለታላቅ አይባሉም።

ግን እዚህም የማምነው አለ። ለምርቃት ኦኬ አይመለስም። ሽማግሌ እግዜር ያሳድግህ ሲሉ «ኦኬ» ያለ ልጅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ እኔም ደንግጫለሁ። መልሱ አሜን ነው። ልብ በሉ፣ እሺም አይደለም። መርዶ ለሚነግርም፣ ታምሜያለሁ ለሚልም ኦኬ ብርድ ነው። በጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ያ የተቆረጠው «ኬ» አለ፤ ረጅም መልእክት ጽፈህ ኬ ብቻ ከተመለሰልህ ተኳርፋችኋል ማለት ነው፣ ምክንያቱን ፈልግ። ይሄንን ጸሐፊው ቢያነሱት ኖሮ አብሬያቸው እጮህ ነበር።

የጉራ ቃል ነው ለሚለው ብዙ አልቆይም። ጉራ ሌላው የሌለውን ማሳየት ነው። ኦኬ የሌለው ማን አለ? ሎተሪ አዟሪው ይለዋል፣ ረዳቱ ይለዋል፣ አሳላፊዋ «ኦኬ፣ አንድ ማኪያቶ፣ አንድ ሻይ» ትላለች። ሲወለድም የፊደል ስህተት ነበር፤ በፊደል ስህተት የሚኮራ ሰው ካለ ይኩራ። ጉራ ከፈለጉ ከቦሌ ወዲህም አለ። በየሁለት ቃሉ «አክቹዋሊ» እና «ቤዚካሊ» የሚሉት፣ አማርኛው ጠፍቷቸው ሳይሆን አማርኛ እንዳነሳቸው እንድናውቅላቸው የሚጥሩት። እነሱ ላይ ከሆነ እኔም ብዕር አነሳለሁ።

የቀረው መፍትሔው ነው። ኦኬን በመልካም እንተካ። መልካም ደስ የሚል ቃል ነው፣ ግን ቦታው ላይ አስገቡትና እዩት። ልጁ ከብስክሌት ወድቆ «መልካም ነህ?» ትሉታላችሁ? ደህና ነህ ነው እንጂ። አለቃው ወረቀቱን መልካም አደረገው? አጸደቀው ነው። ቦርሳዬን እዚህ ባስቀምጠው መልካም ነው? ችግር አለው ወይ ነው። ለእያንዳንዱ ቦታ አማርኛ አለን፣ ያውም የሚያምር። ግን አንድ ቃል አይደለም፣ አንድ ቃል አውጥቶ አንድ ቃል በመተካት አይሞላም። እነዚህ ሁሉ ደግሞ አሁንም ከኦኬ ጋር እየተባሉ ነው፣ ማንም አልተዋቸውም።

ቅጣቱን ሳነብ ግን አልሳቅሁም፤ ምክንያቱም ቅጣቱ አለ፣ በተቃራኒው። በዚህችው ከተማ ግቢያቸው ውስጥ አማርኛ ያወራ ልጅ የሚቀጡ የግል ትምህርት ቤቶች አሉ። በዕረፍት ሰዓት ኳስ እየተጫወተ «አቀብለኝ» ያለ ልጅ ስሙ ይመዘገባል። ወላጅም ለዚህ ከፍሎ ነው የሚያስገባው፣ እንግሊዝኛው ይጠንክርለት ብሎ። ልጁ ከዚህ የሚማረው አማርኛ የጥፋት ቋንቋ መሆኑን ነው። ኦኬ ይሄንን ያህል ጉዳት አድርሶ አያውቅም፣ ሊያደርስም አይችልም፤ አማርኛ ውስጥ ገብቶ አማርኛ እየሠራ ያለ ቃል ነውና። አሁን ደግሞ በሌላ በኩል ኦኬ ያለውን ልጅ እንቅጣ ከተባለ፣ ያው ልጅ ክፍል ውስጥ በአማርኛው ተቀጥቶ ሲወጣ በር ላይ በእንግሊዝኛው ሊቀጣ ነው። ምን ብሎ ያውራ?

ጸሐፊው ብዕራቸው ስለት አለው። «እዚህ ግቢ አማርኛ መናገር ይቻላል» የሚል አጭር ጽሑፍ ቢያዘጋጁልን፣ የፎቶ ኮፒውን ሒሳብ እኔ እችላለሁ፣ በየትምህርት ቤቱ በር መለጠፉንም እኔው እሠራዋለሁ።